ሰው ሲበዛ ምድር ትጠባለችን?



ለጽሕፈት ቤታችን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ከዓመት ዓመት የሚመላለስ አንድ ጥያቄ አለ። በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ በጎጃም ሕዝቡ ይበዛል፣ መሬቱ ግን አንድ ስንዝር አይጨምርም፤ ታዲያ ለምርጥ ዘር፣ ለእርከንና ለምንጭ ማጎልበቻ የምንልከው ገንዘብ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት አይሆንም ወይ? ጥያቄው የአሳቢ ሰው ጥያቄ ነውና በሁለት መስመር መልሰን ልናልፈው አይገባንም። ሊቃውንትም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ክርክራቸውን ከቢቸናና ከሞጣ ማሳዎች ጋር እያስተያየን ለመግለጽ እንሞክራለን።

አገሩን ለማያውቁ አንድ ቃል እንበል። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ነው። ሁለቱም ቀድሞ የአውራጃ ከተሞች ነበሩ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ያገናኛቸዋል። በስተ ምዕራብ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዓባይ ሸለቆ ተከፍቷል። በቢቸና ዙሪያ ያለው ጥቁር ዋልካ የታወቀ የጤፍ አገር ነው፤ ወደ ጮቄ በወጡ ቁጥር ጤፉ ለገብስና ለድንች ቦታውን ይለቃል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን 150 ሺህ በላይ ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ150 ሰው በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ሕዝብ ስላልተቆጠረ የዛሬው በግምት ብቻ ይነገራል። አገሪቱ በሞላ ግን በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ ከ42 ሚሊዮን ጥቂት ትበልጥ ነበር፤ ዛሬ ያለ ኤርትራ ከ130 ሚሊዮን በላይ እንደሆነች የተባበሩት መንግሥታት ይገምታል።

የቄሱ ስሌት

በእንግሊዝ አገር የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበረው ቶማስ ሮበርት ማልተስ ስለ ሕዝብ መብዛት የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1798 አሳተመ። አሳቡ ለማንም የሚገባ ነው። ሰው የሚገታው ካላገኘ በየ25 ዓመቱ እጥፍ እየሆነ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 16 ይሄዳል፤ እህል ግን ቢበዛ ከ1 ወደ 2፣ ወደ 3፣ ወደ 4፣ ወደ 5 እያለ ይጨምራል። በመቶ ዓመት ውስጥ 16 አፍ ለ5 እንጀራ ይቀርባል ማለት ነው። ያን ጊዜ ረኃብ፣ ወረርሽኝና ጦርነት ሚዛኑን ይመልሱታል አለ። ከዚያ አስቀድሞ ሊገታው የሚችለው ሰዎች ጋብቻን ሲያዘገዩ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ማልተስ በአገሩ ለድሆች በሕግ የሚሰጠውን እርዳታ ተቃወመ፤ ድሃው ሲረዳ ቶሎ ያገባል፣ ልጆች ይበዛሉ፣ ድህነቱም ይከፋል ብሎ ያምን ነበርና። እንግዲህ በደብዳቤዎቹ ውስጥ የምናነበው ስጋት አዲስ አይደለም።

በእንግሊዝ ትንቢቱ አልተፈጸመም። ማልተስ ሲጽፍ የዓለም ሕዝብ አንድ ቢሊዮን አልሞላም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 8 ቢሊዮን ደረሰ። በመካከሉ የድንጋይ ከሰል ለማገዶና ለጉልበት ዋለ፤ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ ሰፊ መሬት እህል በመርከብ ተጫነ፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ማዳበሪያ መሥራት ተቻለ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ለእነማይ ገበሬ ወዲያው መልስ አይሆንለትም። የእርሱ ስሌት በበሬና በማረሻ የሚታረስ፣ ወሰኑም የታወቀ ማሳ ነው።

ስሌቱን በአገራችን ቋንቋ እንሥራው። መሬት በጥማድ ይለካል፤ የአገሩ ሰው ቃዳ ይለዋል፤ አራቱ አንድ ሄክታር ይሞላል። አንድ ባልና ሚስት 12 ቃዳ ይዘው አራት ልጆች ቢያሳድጉ፣ ልጆቹም እንደ እነርሱ ካለ ቤት ቢያገቡ፣ እያንዳንዱ ልጅ 3 ቃዳ ይዞ ይወጣል። የትዳር ጓደኛውም እንዲሁ 3 ታመጣለች፤ አዲሱ ቤት በ6 ቃዳ ኑሮ ይጀምራል። የልጅ ልጆቹ ቤት በ3 ቃዳ ይመሠረታል፤ የእነርሱ ልጆች ደግሞ በ1 ተኩል። ልጆቹ አራት መሆናቸው ቀርቶ ሦስት ቢሆኑ 12ቱ ወደ 8፣ 8ቱም ወደ 5 ቃዳ ከትንሽ ይወርዳል። ሁለት ቢሆኑ 12ቱ እንደ 12 ይኖራል። ስለዚህ ማልተስ በእህል የተናገረውን የጎጃም አባት በውርስ ጊዜ በዓይኑ ያየዋል።

በጎጃም ግን መሬት እንዲህ በስሌት ብቻ ተከፋፍሎ አያውቅም። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ የርስትን ሥርዓት በዝርዝር ገልጦታል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ሰው ወደ ኋላ ቆጥሮ ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን ካስረዳ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። በብዙ አቅኚ አባቶች ስም ብዙ ጥያቄ ያለው ሰው አለ፤ ጥያቄውን የሚያስፈጽመው ግን ሽማግሌ የሚያውቅ፣ በዳኛ ፊት መናገር የሚችል፣ ዘመድ ያለው ነው። ስለዚህ ሰው በበዛ ቁጥር መሬቱ ለሁሉም እኩል እየቀጠነ አይሄድም፤ ክርክሩ እየበዛ፣ ለብርቱው እየሰፋ ለደካማው ይጠባል። ማልተስ ከሠንጠረዡ ውጭ የተወው ይህን ነው፤ በእኛ አስተያየት ትልቁ ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው።

ርስት ምን ያህል የተፈራና የተወደደ እንደነበረ በ1960 ዓ.ም. ታይቷል። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ሹማምንት መሬት ሊገምቱ ሲመጡ፣ ገበሬው ልኬት የርስት መንጠቂያ መጀመሪያ ነው ብሎ ተነሣ። ቢቸናና ሞጣ ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አነሣ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ገመድ ይዞ ወደ ማሳ ስለሚገባ የልማት ሠራተኛ ሽማግሌዎች ዛሬም አስተያየታቸው ለምን ጠንቃቃ እንደሆነ ይህን ታሪክ የሚያውቅ አይደነቅም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በአጭሩ እንለፈው። የ1967ቱ አዋጅ መሬትን የሕዝብ አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል እንደገና ሽግሽግ ተደረገ፤ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባሉት ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዙ ሲደረግ የሌላው ጣሪያ 12 ጥማድ ሆነ። ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። ከዚያም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መጣ፤ እንደገና ማከፋፈልም በሕግ እጅግ ተገደበ። ደብተሩ ለያዘው ሰው ዋስትና ሆነለት፤ ያለ ስጋት ዛፍ መትከልና እርከን መካብ ቻለ። በ1989 ልጅ የነበረው ወይም ገና ያልተወለደው ግን ደብተር የለውም። አባቱ ሩቡን ቢሰጠው ያርሳል፤ ካልሰጠው እኩል ያርሳል፤ ያም ካልተገኘ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። አብርሃምና ሎጥ ከብታቸው በዝቶ ምድሪቱ ባልበቃቻቸው ጊዜ ሎጥ የዮርዳኖስን ሜዳ መርጦ ሄደ፤ ከጎጃም ደጋ ወደ መተከልና ወደ ወለጋ የሄዱት ግን ያገኙት ባዶ ሜዳ አልነበረም። በዚያም ከብዙዎቹ ላይ ምን እንደ ደረሰ አንባብያን ያውቃሉ።

አፈሩ የሚናገረው

የማልተስ ወገኖች ከሕዝቡ ቁጥር ይልቅ አፈሩን አስረጂ አድርገው ቢያቀርቡ ክርክራቸው ይበረታል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ ደጋ መሬት አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት ከደጋው ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 27 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ በግልጽ የታጠበ ነው አለ፤ 2 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ ደግሞ ለእርሻ ወደማይመለስበት ደርሷል። ስዊሳዊው ሃንስ ሁርኒ በሚታረስ መሬት ላይ በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመተ። ይህ በጥልቀት ሲታሰብ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ከአንድ ስንዝር የማያንስ አፈር ይሄዳል ማለት ነው። እርግጥ የታጠበው ሁሉ ወደ ሱዳን አልፎ አይሄድም፤ ከፊሉ ከታች ባለው ማሳ ላይ ይቀመጣል። ይህ ግን ከላይ ላለው ገበሬ መጽናኛ አይሆነውም።

በምዕራብ ጎጃም በደምበጫ አካባቢ 27 ሺህ ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ የተደረገ ጥናት በይበልጥ ያስደነግጣል። ገጠ ዘለቀና ሁርኒ ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳተሙት፣ በ1957 የተፈጥሮ ደን ከመሬቱ 27 በመቶ ነበር፤ በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ፤ በ1995 0.3 በመቶ ብቻ ቀረ። የሚታረሰው ግን ከ39 ወደ 77 በመቶ ከፍ አለ። በቢቸናና በሞጣ ዙሪያም ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ በብዛት ቆመው የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ነው። ሌላው ታርሷል።

ነገሩ ከዚህ በኋላ በራሱ ላይ እንዴት እንደሚዞር ማስተዋል ያስፈልጋል። ደን ሲያልቅ የማገዶ እንጨት ይጠፋል፤ ቤቱ ኩበት ያነድዳል። ኩበቱ ሲነድ ለማሳው የሚሆነው ፍግ ይቀራል። የግጦሽ መሬት ሲታረስ ከብቱ ገለባውን ይበላል፤ ለአፈሩ የሚተርፍ ቃርሚያ አይኖርም። መሬቱም ጦም እንዲያድር የሚያስችል ትርፍ ማሳ የለም። ስለዚህ ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ ሲቀንስ ገበሬው የጮቄን ዳገት ወደ ላይ ያርሳል። አስታና ጅባራ ይበቅልበት በነበረው ስፍራ ዛሬ የገብስና የድንች ማሳ ይታያል። ሙጋ፣ ሱሐና ጨሞጋ ከዚያው ተራራ የሚነሡ ናቸው፤ በክረምት ጭቃ ይዘው ይወርዳሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም ከዚህ ጭቃ ድርሻውን ይቀበላል።

እዚህ ላይ ማልተስ አሸንፏል ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገሮች አይፈቅዱልንም። አንደኛው ክፉ ቀን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የደረሰው ረኃብ እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ሁሉ የከፋ እንደነበረ ይነገራል፤ ያን ጊዜ የአገሪቱ ሕዝብ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ደኑም ግጦሹም ነበረ። ምክንያቱ በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ ነው። በሬው አለቀ፤ በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩ። ሁለተኛው የወሎ ረኃብ ነው። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በአገሪቱ በአጠቃላይ የነበረው እህል ብዙም አልጎደለም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው ያን ያህል አልናረም። ከወሎም እንኳ የወጣ እህል ነበር። ሕዝቡ የተራበው ምርቱና ከብቱ ስለጠፋበት የሚገዛበት ስላጣ ነው። እንግዲህ ረኃብ በአፍና በእንጀራ ቁጥር ብቻ የሚፈታ ስሌት አይደለም።

ችግር ያስተምራል የሚሉት

ማልተስን በቀጥታ የተቃወመችው ኤስተር ቦዝሩፕ የምትባል የዴንማርክ ተወላጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው መጽሐፍ ነገሩን ገለበጠችው። እንደ እርሷ አባባል የእርሻው ዘዴ የሰውን ቁጥር አይወስንም፤ የሰው ቁጥር ነው የእርሻውን ዘዴ የሚለውጠው። ሰው ጥቂት ሳለ ጫካ አቃጥሎ ዘርቶ ለሃያ ዓመት ይተወዋል፤ ድካሙ ቀላል ነውና ሌላ ዘዴ አይፈልግም። ሲበዛ የሚተውበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ይበልጥ ሲበዛ በየዓመቱ ያርሳል፣ ፍግ ይጨምራል፣ እርከን ይክባል፣ መስኖ ይጠልፋል። ምርቱ ይጨምራል፤ ላቡም ይጨምራል። ቦዝሩፕ ላቡን አልደበቀችም፤ አሳቧን የሚጠቅሱ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ለዚህ የሚጠቀሰው ታዋቂ ምሳሌ የኬንያው ማቻኮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት አገሩ ታጥቦ አልቋል ብለው ተስፋ ቆርጠውበት ነበር። ሜሪ ቲፈንና ባልደረቦቿ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ግን ሕዝቡ አምስት እጥፍ ያህል ከበዛ በኋላ ማሳው በእርከን ተሸፍኖ፣ ዛፉ በዝቶ፣ የአንድ ሰው ድርሻ ምርትም ጨምሮ ተገኘ። ነገር ግን ማቻኮስ ለናይሮቢ ቅርብ ነው፤ ቡና አለው፤ በከተማ የተቀጠረ ልጅ ለእርከን መሥሪያ ገንዘብ ይልካል። ይህን ሳይጠቅሱ ማቻኮስን ማወደስ ልክ አይመስለንም።

በጎጃምም ምሳሌ አይጠፋም። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ያለውን የጨሞጋ ተፋሰስ ያጠኑት ወልደአምላክ በውቀት ከ1957 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በዛፍ የተሸፈነው መሬት እንደጨመረ አገኙ። ደምበጫና ጨሞጋ ጎረቤት ናቸው፤ ሕዝቡም በሁለቱም በዝቷል። ታዲያ በአንዱ ደን ሲጠፋ በሌላው እንዴት ጨመረ? በጨሞጋ የጨመረው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ቤት ይሠራል፣ ይነድዳል፣ ይሸጣል፤ ችግር ሲመጣ እንደ ባንክ ነው። በሌላ ወገን ከሥሩ ሣር አያበቅልም፤ የጎረቤትን ሰብል ያቀጭጫል፤ የምንጭ ዳር ሲተከል ውኃውን ይጠጣል። ስለዚህ ዛፍ የሚቆጥር ሰው ለቦዝሩፕ ይመሰክራል፤ ወይራና ጽድ የሚቆጥር ግን ለማልተስ። ሁለቱም አልዋሹም።

በአዊ የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች የሠሩት ከዚህም የሚያስደንቅ ነው። ማሳው አሲድ በዝቶበት ምርት ሲነፍጋቸው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከሉበት። ዛፉን በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ በመሬቱ ላይ ጤፍ ይዘራሉ፤ እንደገና ይተክላሉ። ያዘዛቸው ፕሮጀክት የለም፤ ከገበያውና ከጎረቤት አይተው ነው ያስፋፉት። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶበት ብዙ ዛፍ ደርቋል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የያዘ አገር ይህን አደጋ ይሸከማል።

የቢቸናም ዋልካ ለቦዝሩፕ ጥሩ መፈተኛ ነው። ይህ አፈር ለም ነው፤ በክረምት ግን ውኃ ስለሚይዝ ገበሬው ዝናሙ እስኪጎድል ጠብቆ ይዘራል፤ የወቅቱ እኩሌታ ያለ ሰብል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር በበሬ የሚጎተት፣ ሰፊ መደብና ፈሰስ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ውኃው በፈሰሱ ሲወጣ ስንዴ ቀደም ብሎ ይዘራል፤ ከስንዴውም በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ ማግኘት ይቻላል። መሬት ሳይጨምር መከሩ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ዳሩ ግን ከአንዱ ማሳ የወጣ ውኃ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ጎረቤታሞች አብረው ካልተስማሙ ፈሰሱ ቦረቦር ይሆናል፤ ከዚያም ክስ።

መሬቱ ሲጠብ እርከን መካብ ለምን እንደሚከብድም እንግለጥ። በጎጃም አንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። በ1986 በዚያ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ፤ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ እየተጣለ ዳገቱ ከዓመታት በኋላ ደረጃ ደረጃ ሆነ። አፈሩ በእርግጥ ተያዘ። ነገር ግን እርከኑና ቦዩ ከማሳው ድርሻ ይወስዳሉ፤ ዝናም በሚበዛበት አገር ከእርከኑ በላይ ውኃ ይቋጠራል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ላይጨምር ይችላል። 12 ቃዳ ያለው ሰው ይህን ይታገሣል። 3 ቃዳ ያለው ግን ልጆቹ የሚበሉትን ነው ለእርከኑ የሚሰጠው። መሬት ሲጠብ መንከባከብ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አቅሙ ግን በዚያው ልክ ያንሳል። የማልተስና የቦዝሩፕ ክርክር በአንድ ገበሬ ቤት ውስጥ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ማዳበሪያም እንዲሁ። ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ዋጋው በዓለም ላይ ናረ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ደግሞ በአማራ ክልል ጠፍቶ ገበሬዎች አቤት ብለዋል።

በዚህ ዓይነት ክርክር አሜሪካውያኑ ፖል ኤርሊክና ጁልያን ሳይመን ውርርድ እስከ መግባት ደርሰው ነበር። ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ ሚሊዮኖች በረኃብ ያልቃሉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሳይመን የሰው አእምሮ የማያልቅ ሀብት ነው ይል ነበር። በ1980 አምስት የብረታ ብረት ዓይነቶች መርጠው ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋቸው ይወደዳል ወይስ ይረክሳል ተባባሉ። በ1990 ረክሶ ተገኘ፤ ኤርሊክም 576 ዶላር ከፈለ። ሌላ አሥር ዓመት ቢመረጥ ኤርሊክ ሊረታ ይችል እንደነበር የሚያሳዩ አሉ። ለእኛ ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ መዳብና ቆርቆሮ ሲወደድ ገበያው ምትክ ያስፈልጋል፤ የእነማይ አፈር ግን ዋጋ የሚወጣለት ገበያ የለም። ሲያልቅ ማስጠንቀቂያ ደወል አይሰማም።

ስለ ወል ግጦሽ ጥቂት እንበል። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 የወል የሆነ ነገር ሁሉ መጥፋቱ አይቀርም፤ እያንዳንዱ ከብት ይጨምራልና ብሎ ጻፈ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ ሕግና ጠባቂ ያለው ወል ለዘመናት እንደሚኖር አሳየች፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። የመንዝ ጓሳ ሣር ለ400 ዓመት ያህል በቄሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ በቀን ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ የተናጋው በ1967ቱ አዋጅ የርስት መሠረቱ ሲፈርስ ነው፤ ሕዝቡም ኋላ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶታል። እንግዲህ ወልን ያጠፋው የከብቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የጠባቂው መጥፋት ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚፈሩት ነጥብ እንምጣ። ደጋፊዎቻችን ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አንድ አሳብ እንደሌላቸው እናውቃለን። እውነቱ ግን እናቶቹ ከእኛ ክርክር ቀድመው ሄደዋል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል አንዲት እናት በዕድሜዋ በአማካይ 5.9 ልጆች ትወልድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 3.7 ወረደ። በመካከሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ደርሰዋል፣ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ የሕፃናት ሞት ቀንሷል፤ መሬት የሌለው ጎረምሳም ጋብቻውን አዘግይቷል። ማልተስ ራሱ ያልጠበቀው ይህ ነው፤ ሰው ሳይራብ በፊት ወሊድ ቀነሰ። ቁጥሩ ግን ነገ አይቆምም። በ1999 ቆጠራ ከሀገሪቱ ሕዝብ 45 በመቶ ያህሉ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ነበር፤ እነዚያ ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸውና እያንዳንዳቸው ጥቂት ቢወልዱም ድምሩ ለብዙ ዓመታት ይጨምራል።

ስለዚህ ለደብዳቤዎቹ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። እንስራው ቀዳዳ አለበት፤ ቀዳዳው ግን የሕዝቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ለ3 ቃዳ ባለቤት እርከን እንዲክብ ስንጠይቅ፣ ከማሳው በሚወሰደው ድርሻ ላይ በዚያው ዓመት የሚታጨድ ነገር ልናበቅልለት ይገባል። በሞጣ በኩል ከሽማግሌዎች ጋር የተስማማነው በዚህ ነው፤ በእርከኑ ጠርዝ ላይ የዝሆኔ ሣርና ትሪ ሉሰርን ይተከላል፤ ቦረቦሮቹም ከከብት ተዘግተው ሣሩን አጭደው እንዲሸጡና ንብ እንዲያንቡ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በጽሑፍ ውል ይሰጣሉ። ችግኝ ጣቢያው ሥራውን በጥር ይጀምራል፤ ተከላው በሐምሌ ነው፤ ሣሩ በደህና የሚታጨደው ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ ይሆናል።